የግራ ዓይኑ መንገድ

ነፋስ እዚህ አገር ጎረቤት አይደለም፣ አከራይ ነው እንጂ፤
ሳያንኳኳ ገብቶ ቆርቆሮ ያራግፋል፣ «ኪራይሽን አምጪ!»

ባሌ ኤውሎሂዮ ትኬት ቆራጭ ነው፣
ከፑንታ አሬናስ ወደ ፖርቬኒር ሰርጡን በሚያቋርጥ መርከብ ላይ፤
ዓሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ግራ ዓይኑ አለቀሰ፣
ቀኙ ዝም ብሎ ሲያይ።

ዓሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መሐረብ አጠብኩ፣ መሐረብ ተኮስኩ፣
ጨው የሣለባቸውን የደሴት ካርታ በውሃ ደመሰስኩ።
ጠዋት ሽፋሽፍቱ ተጣብቆ ያድራል፤ በለብታ ውሃ እያራስኩ፣
የሰው ደብዳቤ ሰርቆ እንደሚያነብ ሰው፣ ቀስ አድርጌ ከፈትኩ።

ተሳፋሪ ምን ያውቃል?
በግ ሸጠው የሚመለሱ፣ ጥርስ ሊያስነቅሉ የሚሄዱ፣
ትኬት ሲያሳዩት ክንዱን ጨበጥ አርገው «አይዞህ» ብለው ወረዱ።
አንዲቱማ ግማሽ አይብ ሰጠችው፣ ማን እንደሞተ ሳትጠይቀው፤
እውነት ለመናገር፣ አይቡ ጥሩ ነበር፤ ቁጭ ብለን በላነው።

አንድ ቀን ብቻ ነው የማልስቅበት።
ሊሳንድሮ ወንድሙ ሸርጣን ሊያጠምድ ወጥቶ ባሕሩ አስቀረው፤
ሣጥኑን በጫማና በሹራብ ሞልተን ነው የቀበርነው።
ሰው ሁሉ የግራ ዓይኑን አይቶ፣ «አንጀቱ ቀለጠ!»
ቄሱ እንኳ በሐዘኑ ተነክቶ ስብከቱን አቋረጠ።
ማታ ካልሲውን አወለቀና ወደ ግድግዳው ዞረ፤
«ኦርቴንሲያ፣ ያለቀሰለት ነፋስ ነው፤ የኔ ውስጤ ቀረ።»

ዶክተር ቫለስካ ኩዝማኒች በትኬት ጀርባ ሣለችለት፦
በዓይኑ ጥግ ሁለት ነጥብ፣ ከነጥቦቹ ቀጭን ቦይ፣
ቦዩ ወደ አፍንጫ የሚወርድበት።
«እንባ በዝቶብህ አይደለም» አለችው፣ «መሄጃ አጥቶ ነው፤
ቧንቧው ተደፍኖ ነው በደጅ የሚፈሰው።»

ተቀጠረ፤ ተኛ። መንገዱን በቀጭን ብረት ጠረገች፣
ከመስፊያ ክር የማይወፍር የሲሊኮን ቱቦ በሁለቱ ነጥብ አሳለፈች፣
አፍንጫው ውስጥ ቋጠረችው።
ሲነቃ በዓይኑ ጥግ ትታያለች፣ እንደ ብርጭቆ ፀጉር፣ አንዲት ቀለበት።
«እንዳታሻት፣ እንዳትጎትታት፣ እንዳትነካት።»
አራት ወር ሙሉ፣ እሱ ባነጠሰ ቁጥር እኔ ትንፋሼን ያዝኩ።
አንድ ሌሊት ቀለበቷ ተስባ ወጥታ ጉንጩ ላይ ተንጠለጠለች፤
በፕላስተር ለጥፌ፣ እስኪነጋ እጁን ጨብጬ ተቀመጥኩ።

ቀኑ ደርሶ ቆርጣ ሳበችው። «ይኼ ነው እንዴ?» አለ፣ ክር አክሎ ሲያየው።
መርፌ በሌለው ስሪንጅ ጨው ውሃ በጥጉ ጨመረችና
«ምን ቀመስክ?» አለችው።
«ጨው።»
«በል እንግዲህ ወደ ነፋስህ። መንገዱ ክፍት ነው።»

መሐረቦቹ መሳቢያ ውስጥ እንደታጠፉ ከረሙ።
«ቶሎ ተጽናና» ስትል የአይቧ ሴትዮ፣ እነዚህ ጆሮዎቼ ሰሙ።

ባለፈው ማክሰኞ የሊሳንድሮ ልጅ ተሰልፏል፤ እኔ ከኋላው ነበርኩ።
ሁለት እጁ ኪሱ ውስጥ፣ ትኬቱ በጥርሱ፣
ልክ እንደ አባቱ። ደነገጥኩ።
ነፋሱ ይገርፋል። የባሌን ዓይኖች አየሁ፤ ሁለቱም ደረቅ።
ትኬቱን ከልጁ ጥርስ ሲቀበል ግን
ማንቁርቱ ወጣ፣ ወረደ፤ ደግሞ ወጣ፤
ከኔ በቀር ማንም አያውቅ።

የወንድ እንባ ወደ ሆዱ ነው ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር፤
ለካ ቦይ አለው፣ በትኬት ጀርባ የሚሣል፣ በክር የሚጠገን ነገር።

ተራዬ ደረሰ።
«ጨው?» አልኩት ቀስ ብዬ።
ቀና ብሎ አላየኝም። ትኬቴን ቆረጠና ግማሹን መለሰ።